ግራ እኔ፣ ቀኝ ሞጋፒ

ኦክቶበር 6፣ ቅዳሜ

...ጣቴን በጣቱ ይዞ የጊታሩ ክር ላይ ሲጫነው፣ "ካልደማ አልተማርሽም" ሲለኝ... የት ነበርን? የፒክአፑ ኋላ ላይ ይመስለኛል። ወይስ እነሱ ግቢ፣ ዛፉ ሥር? ሞጋፒ ያን ጊዜ ጢም አልነበረውም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ? ብቻዬን ስለተቀዳሁ ይሆናል።

ብቻዬን። ይኼ ነው ያልገባኝ። በሄቪ ሜታል ባንዳችን ውስጥ እኔና ሞጋፒ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ቆመን ነው ጊታር የምንጫወተው። እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ። መድረክም ላይ እንደዚያ፣ ከዚህ በፊት በቀዳናቸው ሁለት ዘፈኖችም እንደዚያ። አሁን ሉንጊ፣ ድራም መቺያችን፣ ቀረጻውንም የሚሠራልን፣ "አልበም እንደዚያ አይሠራም፣ ተራ በተራ ትመጣላችሁ" አለ። ቅዳሜ እኔ፣ እሑድ ሞጋፒ። ለምን? "ንጹሕ እንዲሆን ነዋ፣ እህቴ" ብሎ ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ሰው ሲጠየቅ ገመድ የሚጠቀልለው መቼ ነው?

የምንቀዳበት የሉንጊ የጓሮ ክፍል ምድጃ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ማራገቢያው እንዳይሰማ ይጠፋል፣ ፍሪጁ ይነቀላል። የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ማይኩ አፉ ላይ ተደቅኖ። ከሙቀቱ የተነሣ ጊታሩ በየዘፈኑ ቅኝቱን ይለቃል። አንድ ጊዜ የጎረቤት ፍየል ቃጭል በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ገባና ቀረጻውን አበላሸው። ሉንጊ፣ "እሷም የባንዱ አባል ትሁን፣ ከዘፋኛችን ከኦበርት የተሻለ ምት ትጠብቃለች" አለ። ሳቅን።

ሦስተኛውን ዘፈን አራት ጊዜ አስጫወተኝ።

"ጥሩ ነው። ድገሚልኝ።"

"የቱ ጋ ነው የተበላሸው?"

"የትም ጋ አልተበላሸም።"

"ታዲያ?"

"ለመጠባበቂያ።"

ጥሩ ከሆነ ለምን እደግማለሁ?

ኦክቶበር 9፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የበር ቁልፍ ስቀርጽ ዋልኩ። የማሽኑ ጩኸት እስካሁን ጥርሴ ውስጥ አለ። በምሳ ሰዓት ማግዊኛ፣ ያን በዘይት የሚጠበስ ሊጥ፣ ልገዛ ወጣሁ፤ ሴትየዋ የምትጠብስበት ቦታ ከሉንጊ ቤት ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። የሞጋፒ ነጭ ፒክአፕ በሉንጊ በር ላይ ቆሟል።

ሞጋፒ እኮ እስከ ዓርብ ከከብቶቹ ጋ ነኝ ብሎኛል። ከከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ።

ሌላ ነጭ ፒክአፕ ይሆን? ከተማችን ፍራንሲስታውን ነጭ ፒክአፕ ሞልቷታል። ግን የኋላ መብራቱ በፕላስተር የታሰረ...

ማግዊኛው ቀዘቀዘብኝ። አልበላሁትም።

ኦክቶበር 10

አልደወልኩለትም። እሱም አልደወለም።

ኦክቶበር 13፣ ቅዳሜ

ስገባ ሦስቱም ነበሩ። ሉንጊ፣ ኦበርት፣ ሞጋፒ። ወሬያቸው ቆመ። "ቆመ" ስል... ምናልባት ጨርሰው ይሆናል። ሰው ወሬ ይጨርሳል። ግን ኦበርት፣ ድምፁ ከአምፕ የሚበልጥ ሰውዬ፣ የአውቶብስ መናኸሪያ መሀል እንኳ ሹክ የማይል፣ ሹክ እያለ ነበር።

ሞጋፒን እጄን ዘርግቼ ሰላም አልኩት። ክርኑን ሰጠኝ። ክርኑን! የቆዳ ጓንቱን እንዳደረገ። በዚህ ሙቀት።

"እጅህ ምን ሆነ?"

"ቆሽሿል። መኪና ስሠራ ነበር።"

"ጓንቱ ነው የቆሸሸው?"

"አንቺ ደግሞ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠርሽ እንዴ?" አለና ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም። ወደ በሩ ያይ ነበር።

"ማክሰኞ የት ነበርክ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቢዋሸኝስ? ሲዋሸኝ ከማየት አለማወቅ ይሻላል? አላውቅም።

እሱ ከሄደ በኋላ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ተቀዳሁ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። "ድገሚልኝ።" ኦበርት አጠገቤ ተቀምጦ እግሬን ያያል። ጣቴን አይደለም፣ እግሬን፤ ምቱን እንዴት እንደምቆጥር።

"አይዞሽ ቼድዛ" አለኝ ስወጣ።

ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የምባለው?

ኦክቶበር 16፣ ማክሰኞ

ሆን ብዬ በዚያ አለፍኩ። ማግዊኛ አላማረኝም።

ፒክአፑ አለ። አጥሩ ጋ ቆሜ አዳመጥኩ። በብርድ ልብሱ ውስጥ የሚመጣ የታፈነ ጊታር። ሦስተኛው ዘፈን። ይጀምራል፣ ይቆማል። ይጀምራል፣ ይቆማል። የእኔን ነው የሚጫወተው? ሁለታችን የምንጫወተው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአጥር ውጪ ሆኖ መለየት አይቻልም።

የሉንጊ እናት ከበረንዳው፣ "ቼድዛ! ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን እንደ ዕዳ ጠያቂ አጥር ላይ ያቆምሻል?" አሉ።

"አይ ማማ፣ እያለፍኩ ነው።"

ቆሞ የሚያልፍ ሰው ሆንኩ።

ኦክቶበር 18

ኦበርት ደወለ። ቀረጻው አልቋል፣ ሉንጊ ድምፆቹን ማደባለቅ ጀምሯል። "ልምጣና አብሬ ልስማ" አልኩት። "ጆሮሽ ይድከም ለምን? ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ።"

ከዚህ በፊት በሁለቱ ዘፈኖች ጊዜ አራታችንም እዚያች ምድጃ ውስጥ ተጨናንቀን፣ "የእኔን ከፍ አድርገው፣ የሱን ዝቅ" እየተባባልን ነው የተሠራው። ተጣልተን ነበር። ታርቀን ነበር። አሁን ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ።

ኦክቶበር 21፣ እሑድ

ሉንጊ ሦስት ዘፈን በፍላሽ ላከልኝ። ስድስት ጊዜ ከለመንኩት በኋላ፣ ለኦበርት እንዳትነግሪ ብሎ።

አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በማዳመጫ ሰማሁ። ድራሙ ያምራል። የኦበርት ጩኸት ያምራል። ጊታሩ በግራ ጆሮዬ ሲገባ... ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ግራው እኔ አይደለሁም።

እንዴት ልጻፈው? ኖታዎቹ የእኔ ናቸው፣ ምቱ ትክክል ነው፣ የጊታሩም ድምፅ የኔው ነው። ግን የምትጫወተዋን አላውቃትም። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ እንደ ተወለወለ ሲሚንቶ። እኔ እንደዚህ ነኝ? እኔና ሞጋፒ ስንጫወት የሆነ... እሱ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፣ ዳገት ላይ እንዳለ የጭነት መኪና። እኔ ትንሽ እቸኩላለሁ። መሀላችን ላይ አየር አለ። እዚህ አየር የለም።

አስጫውተውታል። በእኔ ቦታ እሱን አስጫውተውታል። ማክሰኞ፣ ማክሰኞ። የመጀመሪያ አልበማችን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅነው፣ ስምንት ዘፈን፣ ሽፋኑ ላይ የአራታችን ፎቶ ከነቆዳ ልብሳችን። ስሜ ይጻፋል፣ እጄ አይኖርበትም።

ኦክቶበር 22

ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሰውዬ ቁልፍ ቀርጬ ሰጠሁት፣ ተመልሶ መጣ፤ አይከፍትም። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። አለቃዬ፣ "ፍቅር ነው?" አለኝ። "ጊታር ነው" አልኩት። "የባሰ ነው" አለኝ።

ኦክቶበር 24

ዛሬ ያሰብኩት፦ ሞጋፒ በግድ ይሆን ያደረገው? ኦበርት አዞት? ወይስ ራሱ ነው ያመጣው፣ "እሷ ትቸኩላለች፣ ተዋት እኔ ልሥራው" ብሎ? ስለመቸኮሌ በየልምምዱ ይናገራል። እየሳቀ ነው የሚናገረው። እየሳቀ የሚናገር ሰው ውስጡ ምን እንዳለ...

ክርኑን የሰጠኝ ለዚህ ነው። እጄን ጨብጦ ዓይኔን ማየት አቃተው።

ኦክቶበር 27፣ ቅዳሜ

ኦበርትን ጎማ የሚጠግንበት ቦታ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልጋል።

"ግራው ጊታር የማን ነው?"

ቀና አላለም። "ማን ዘፈኑን ሰጠሽ?"

"የማን ነው፣ ኦበርት?"

"የአንቺ ነዋ።"

"እኔ አይደለሁም።"

"አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ ከዚያ ቁልፍ ማሽን ጋር ኖሮ ኖሮ ራስሽንም አልሰማ አለሽ?" ከዚያ ቀና አለ። እጁ ውሃ ያንጠባጥባል። "በእናቴ እምላለሁ፣ ግራው አንቺ ነሽ። በቃ፣ ሌላ አትጠይቂኝ።"

በእናቱ አይምልም ኦበርት። በእናቱ ሲምል ሰምቼው አላውቅም።

ሌላ አትጠይቂኝ። ሌላ ምን አለ?

ኦክቶበር 28፣ እሑድ

እናቴ፣ ማሜ፣ ገንፎ ስታማስል እኔም ወጥ ቤት ነኝ። ፍላሹን የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ላይ ሰካሁት፤ ያቺ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያላት፣ አንቴናዋ ሹካ የሆነ። ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ፤ ማሜ እንድትሰማ ብቻ ነበር።

"ይኼ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ላብ?"

"ስሚው እስኪ።"

"ሰውዬው ለምንድነው የሚጮኸው፣ ከብት ጠፍቶበት ነው?"

ከዚያ ጊታሮቹ ገቡ፤ እና ባዶ ሆኑ። በማዳመጫ ግድግዳ የነበረው ድምፅ ባልዲ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። ቀጠነ። ድራሙ አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ ጊታሩ መሀሉን የተበላ ዳቦ።

ማሜ ማማሰሉን ተወች። "ምን ሆነ? ባትሪው ነው?"

ባትሪው አይደለም። ይኼን አውቃለሁ። ሁለት ሰው ሲጫወት፣ አንድ ሰውም ሁለት ጊዜ ሲጫወት፣ ድምፆቹ በአንድ ማጉያ ቢደመሩ ይወፍራሉ እንጂ አይጠፉም። አንድን ቅጂ ወስደው፣ ትንሽ አዘግይተው በሌላው ወገን ካስቀመጡት ግን በሁለት ጆሮ ሲሰማ ሁለት ሰው ይመስላል፤ አንድ ላይ ሲደመር እርስ በርሱ ይበላላል።

ግራና ቀኙ አንድ እጅ ነው።

እና ያ እጅ የሞጋፒ ነው። ሁለቱንም ጆሮ ወሰደ።

ገንፎው አረረ። ማሜ ሁላችንንም ሰደበች፤ እኔን፣ ኦበርትን፣ ሬዲዮዋን።

ኦክቶበር 30፣ ማክሰኞ

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ውሸት ብቻም አይደለም።

ሦስተኛውን ዘፈን በማዳመጫ፣ በጣም ከፍ አድርጌ። ጊታሩ ከመግባቱ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰከንድ። ደጋግሜ። የምፈልገው የሱን እጅ ነበር፤ ይዤው ሄጄ ፊቱ ላይ ላስጫውትለት።

ፋቅ፣ ፋቅ።

የእኔ ናት። ከመግባቴ በፊት ክሮቹን በመዳፌ አፍኜ ሁለት ጊዜ ፋቅ አደርጋለሁ፤ ሳላስበው፣ ከድሮ ጀምሮ። ሉንጊ ሁልጊዜ ይቆርጠዋል፣ እዚህ ረስቶታል። ሞጋፒ እንደዚያ አያደርግም፤ እሱ ዝም ብሎ ቆይቶ በር በርግዶ እንደሚገባ ሰው ነው የሚገባው።

እሺ። ግራው እኔ ነኝ። ኦበርት አልዋሸም።

ግራውን ማዳመጫ ከጆሮዬ አወረድኩ። ቀኙን ብቻ። የሞጋፒን ወገን።

ፋቅ፣ ፋቅ።

ቀኙም እኔ ነኝ። ራሴን ያላወቅሁት ለካ... አጠገቤ ሰው ስላልነበረ ነው።

ኦክቶበር 31

ሉንጊ በር ላይ ሲያየኝ ገባው። ገመድ አልፈለገም ዛሬ።

"ስንቱ ዘፈን ነው?" አልኩት።

"ሁሉም።"

"ስምንቱም?"

"ሌሎቹ ላይ ሁለተኛውን ቅጂሽን ነው በቀኝ ያደረግሁት። እውነተኛ ሁለት ቅጂ። ሦስተኛው ላይ ብቻ የሚገጥም አጣሁና አንዱን ገልብጬ አዘገየሁት።" ድምፁ ዝቅ አለ። "አራት ጊዜ የማስደግምሽ ለዚያ ነበር፣ እህቴ። ክፉ ሆኜ አይደለም።"

"ሞጋፒስ?"

"የክር መምቻውን፣ ፒክ አይዝም።"

"ምን ማለት ነው ፒክ አይዝም?"

"ቀኝ እጁ። ሴፕቴምበር ላይ፣ ከመጨረሻው ልምምዳችን በኋላ፣ ከብቶቹ ጋ የውሃ ሞተሩ ቺንጋ ያዘው። ሁለት ጣት አይታጠፍለትም። ሦስት ማክሰኞ መጣ፣ ለብቻው፣ ማንም ሳያየው። ይጀምራል፣ ፒኩ ይወድቃል። ጓንቱ ላይ በፕላስተር አሰርነው። ይጀምራል፣ ይወድቃል።" ጣቶቹን አጠፈና ዘረጋ። "መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ቅጂ ጨረሰ። ደስ አለው። አቀፈኝ።"

"እና?"

"ለኦበርት አሰማሁት።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረኝም። አልጠየቅሁም። ኦበርት እንደ ጎማው ነው የሰማው፤ አረፋውን እየፈለገ፤ ሲያገኘው ቅጂውን ጣለው።

"ሞጋፒ ያውቃል?"

"የሱን ቅጂ የተጠቀምን ነው የሚመስለው። በእግዚአብሔር፣ አንቺ እንዳትነግሪው። እኔ አልነገርኩሽም።"

ቅጂውን አሰማኝ ልለው ነበር። የሞጋፒን፣ ያን አንዱን። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። አልጠየቅሁም። ለምን? ጥሩ ሆኖ ባገኘው ስለምፈራ ይሆን? ትንሽ የሚዘገይ፣ ትንሽ የሚወላገድ፣ ግን ሁለታችን የሆነ...

ሌላም ነገር ልጽፍ ይገባኛል፣ ማንም አያየውም። ሉንጊ "ሁሉም" ሲል፣ ከሐዘኑ በፊት፣ በጣም ለአጭር ጊዜ፣ ደስ ብሎኛል።

ኖቬምበር 2

ሞጋፒ ደወለ። ድምፁ ፈክቷል።

"እሑድ መኪናው ውስጥ እንሰማለን። ኦበርት አልቋል አለ። አትቅሪ!"

መኪናው። የኛ ነገር ነው፤ የቀዳነውን ሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት በሞጋፒ ፒክአፕ ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሞተር ጠፍቶ እንሰማለን። መሪው በቀኝ ስለሆነ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ኦበርት መሀል ተጨፍልቆ። እስኪያልቅ ማንም አይተነፍስም። ሲያልቅ እያንዳንዱ ጊታሪስት ስለ ሌላው ወገን አንድ ነገር ይናገራል። ስለራስ መናገር ክልክል ነው። ይኼን ሕግ ያወጣው ሞጋፒ ነው፤ "ራሱን የሚሰማ ሰው ባንድ አይሆንም" ብሎ።

ስለ ቀኙ መናገር አለብኝ።

"ቼድዛ? አለሽ?"

"አለሁ።"

"ምነው ሰሞኑን ዝም አልሽኝ? የተቀየምሽኝ ነገር አለ?"

እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኩት።

ኖቬምበር 3፣ ቅዳሜ

ሦስት መንገድ አለ። ብነግረው፣ አልበሙን ያቆመዋል፤ ወይም አያቆመውም፣ እና ከዚያ በኋላ በየመድረኩ... ምን ይሆናል? ሉንጊን ብለምነው፣ የሱን ቅጂ እንዲመልስ፣ ኦበርት ይሰማል። ዝም ብል...

ኦበርት መልእክት ላከ፦ "ነገ ደግ ነገር ተናገሪ።" ሌላ የለውም።

ስንቱ ሰው ነው በዚህ ውስጥ ያለው? ሉንጊ ነግሮታል ማለት ነው እንዳወቅሁ። ሉንጊ አልነገረኝም፣ እኔ አልሰማሁም፣ ኦበርት አያውቅም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ከአንዱ በቀር። ከአንዱስ በቀር ነው? "የተቀየምሽኝ ነገር አለ?" ያለኝ ለምንድነው? እየፈተሸኝ ይሆን?

ኖቬምበር 4፣ እሑድ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞጋፒ ፒክአፑን ግድቡ አቅራቢያ፣ ጥላ ሥር አቆመው። ሰማዩ ደመና ይዟል ግን አይዘንብም። ሞጋፒ የቆዳ ጃኬቱን አድርጓል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ እንደ ሠርግ። ጓንቱም አለ። መስኮቶቹን ዘጋን። ኦበርት መሀል ገብቶ ጉልበቱን አገጩ ጋ አደረሰ።

"ማንም እንዳይተነፍስ" አለ ሞጋፒ። "በተለይ አንተ፣ ኦበርት፣ ሽንኩርት በልተሃል።"

ስምንቱንም ሰማን። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግሁትም። የምሰማው ዘፈኑን አልነበረም፤ የሱን ትንፋሽ ነበር። አንደኛው ላይ በጭንቅላቱ ምቱን ይከተላል። ሁለተኛው ላይ ፈገግ አለ። ሦስተኛው ሲጀምር... ሉንጊ ፋቅ ፋቋን ቆርጧታል ብዬ ነበር። አልቆረጣትም። በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ እሱ ጆሮ አጠገብ ካለው ማጉያ። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ቆሞ የሰማት ናት። ሞጋፒ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ አልተንቀሳቀሰም። እስከ ስምንተኛው።

አለቀ።

ሕጉ ነው፣ እሱ ይጀምራል።

"ግራው..." አለ። "ግራው ዛሬ አልቸኮለም።"

ኦበርት ሳቀ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። "እንዴ፣ እውነትም! አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅነው ይኼን ነው!"

ማንም አልተከተለውም።

"አንቺስ?" አለኝ ሞጋፒ። ወደ ፊት ነው የሚያየው፣ በመስታወቱ፣ ወደ ግድቡ። "ቀኙ እንዴት ነው?"

ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ትናንት ደርድሬ አድሬያለሁ። የኦበርት ክርን ጎኔን ነካኝ። ወይም ወንበሩ ጠቦ ነው፣ አላውቅም።

"ጥሩ ነው" አልኩ።

"ጥሩ ብቻ?"

"በጣም ጥሩ።"

"ምኑ?"

"አገባቡ።"

ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር እንደተረከበ ሰው። ከዚያ ጓንቱን በጥርሱ ይዞ ጎተተው፣ አወለቀው፣ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። እጁን አላየሁም። ማየት እችል ነበር። የመኪናውን ወለል ነው ያየሁት።

"የት ልትሄድ ነው?" አለው ኦበርት።

በግራ እጁ ተሻግሮ በሩን ከፈተ። ሙቀቱ ገባ። ወረደ። ጃኬቱን አስተካከለ። ከዚያ፣ ሰው የተኛበት ክፍል እንደሆነ ሁሉ፣ በሩን በቀስታ ዘጋው።